መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ቫዮሊኑ

ሰላም እህቴ። «የደሴና የኮምቦልቻ ልጆችን ከኦርኬስትራ ሙዚቃ ጋር የሚያስተዋውቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። አብሽሪ፣ ይቻላል። እኛ አድርገነዋል። እኔ የገባሁበት ማጥ ውስጥ እንዳትገቢ ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ለምዝገባ ብለሽ አዲስ አበባ አትመላለሺ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚቋቋሙትን ነው። አንቺ የምትሠሪው ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ስለሆነ ጉዳይሽ ከክልሉ ጋር ነው። ይህንን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አራት ወር አቃጠልኩ። አንድ ቢሮ ያለች ሠራተኛማ ፋይሌን እንኳ ሳትከፍት «የአዝማሪ ማኅበር ነው?» ብላ ሳቀች። አዝማሪነት ለእኔ ስድብ አይደለም፣ ወሎ ተወልጄ እንዴት ይሆናል? ሳቋ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. ምዝገባሽ ሳያልቅ መሣሪያ እንዳታስመጪ። ዋናው ይሄ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ስድስት ያገለገሉ ቫዮሊኖችና አንድ ቼሎ (ቫዮሊን የሚመስል፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ መሣሪያ) ለምኖ ሰበሰበልን። ደስታዬ ልክ አልነበረውምና «ቶሎ ላከው፣ በእኔ ስም ይሁን» አልኩት። ዕቃው በግለሰብ ስም ሲገባ «ለልጆች ነው» ብል ማን ይስማኝ? ቀረጥ ተጠየቅኩ። ለመክፈል ስሯሯጥ ደግሞ የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። ለአስተማሪዎች ትራንስፖርት ያጠራቀምነው ብር እዚያው አለቀ። አንቺ መጀመሪያ ተመዝገቢ። ከዚያ የስጦታ ደብዳቤው በድርጅቱ ስም ይጻፍ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ደግሞ ጉምሩክ ሄደሽ ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቂ።

3. አየሩን አትናቂ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ለመጀመሪያው ዝግጅት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወርደን ሣጥኖቹን ስንከፍት የክር መወጠሪያዎቹ ተንሸራተዋል። ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ያኮማትረዋል። የአንዱ ቫዮሊን ድልድይ፣ ክሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት፣ ወድቆ ተጋድሟል። ልጆቹ ደግሞ አዳራሹን ሞልተው ተቀምጠዋል! ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ጠመኔ አንስተን መወጠሪያዎቹን ቀባን፣ ያዘልን። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድመን እንደርሳለን።

እኛ ስንቃኝ ቼሎ የሚጫወተው ልጅ አንዱን ተማሪ ጠርቶ መዳፉን ቼሎው ጀርባ ላይ አስደገፈውና ወፍራሙን ክር ሳበው። ልጁ እጁን ሳያነሳ «ሆዴ ውስጥ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ካልነካን አሉ። የከፈልኩት ቀረጥ ሁሉ ያን ቀን ተረሳኝ።

የመክፈቻውን ዜማ በአምባሰል ቅኝት አደረግነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በጎረቤት አካባቢዎቻችን ስም ነው የሚጠሩት፣ ልጆቹም ገና ቫዮሊኑ ሲነሳ አወቁት። የውጭውን ያመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊዬቭ በ1936 እ.ኤ.አ. ለልጆች የጻፈው «ፒተርና ተኩላው» ውስጥ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ወፏ ፍሉት፣ ድመቷ ክላርኔት፣ ተኩላው ሦስት ሆርን (ከነሐስ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ)። ሆርን የለንም፣ ስለዚህ ተኩላውን ለቼሎ ሰጥተን ጅብ አልነው። ሲመጣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ትንንሾች ተቃቀፉ።

የስጦታ ደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።