ከጡረታ በፊት ባሉት አራት ዓመታት ግማሽ ቀን ልሥራ ወይስ ሙሉ ቀን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የተሰማራሁ የ56 ዓመት ሴት ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እዚያ ስምንት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ በ1996 ዓ.ም. አሁን ያለሁበት ድርጅት ገባሁ። በዚህ ድርጅት የጡረታ መዋጮ መቆረጥ የጀመረው ግን ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድም (ድርጅቱና ሠራተኛው የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ) አልነበረንም። የወር ደመወዜ 24,000 ብር ነው። የምኖረው አራት ኪሎ ሲሆን የ86 ዓመት እናቴ ከእኔ ጋር ናቸው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ብቻቸውን ከአልጋ መውረድ ስላቃታቸው፣ ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ልጅ ብትኖርም ቢሮ ተቀምጬ ልቤ እቤት ነው። ይህን የሚያውቁት ሥራ አስኪያጃችን ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግማሽ ቀን በግማሽ ደመወዝ እንድሠራ ሐሳብ አቅርበውልኛል። ባለቤቴ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርተሽ አሁን ካላረፍሽ መቼ ልታርፊ ነው?» ይለኛል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጡረታሽን በገዛ እጅሽ ታበላሺዋለሽ ትላለች። የማንኛቸው ምክር ይበጀኛል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድልዎ። ባለቤትዎም እህትዎም ከፊል እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ያላዩት ነገር ግን አለ፤ ጉዳዩ ግማሽ ቀን የመሥራትና ያለመሥራት ብቻ ሳይሆን፣ ግማሽ ቀን የሚሠሩት ከቀሩት አራት ዓመታት በየትኛው ላይ ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የባለቤትዎን ወገን ልያዝ፤ እሳቸው ራሳቸው ከሚያስቡት በላይ ጠንካራ ነውና። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ከደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገንዘብ ላይ 35 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ ከ24,000 ብር ደመወዝዎ 6,350 ብር ግብርና 1,680 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጅዎ የሚገባው 15,970 ብር ነው። ደመወዝዎ 12,000 ብር ሲሆን ግን ግብሩ ወደ 2,250፣ መዋጮው ወደ 840 ይወርድና 8,910 ብር ይዘው ይገባሉ። ደመወዙ በእኩሌታ ሲቀንስ የተጣራው ከእኩሌታ በላይ፣ ማለትም 56 በመቶ ያህሉ ይቀርልዎታል። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህን ሠርተው አይተውት ይሆናል። ነገር ግን የሌላውን ደመወዝ ሲያሰላ የሚውል ሰው የራሱን ሲያሰላ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

አሁን ወደ እህትዎ ስጋት ልለፍ። ባለቤትዎ «ሠላሳ ዓመት» ያሉት የሠሩበትን ዘመን ነው፤ በጡረታ ሕግ የሚቆጠርልዎ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ድርጅትዎ መዋጮ ሳይከፍልልዎ ያለፉት ከ1996 እስከ 2003 ዓ.ም. ያሉት ሰባት ዓመታት ከስሌቱ ውጭ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ስምንት ዓመት ከግል ድርጅቱ አገልግሎት ጋር ስለሚደመር፣ በመጪው ሐምሌ 23 ዓመት፣ 60 ዓመት በሚሞላዎት በ2022 ዓ.ም. ደግሞ 27 ዓመት አገልግሎት ይኖርዎታል። አበሉ የሚሰላው ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ስለሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ 51.25 በመቶ ይሆናል ማለት ነው።

ዋናው ጥያቄ 51.25 በመቶ የምን የሚለው ነው። ዐዋጅ ቁጥር 715ን ተክቶ በ2014 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 1268ም ቢሆን የሚጠይቀው ሠራተኛው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያገኝ የነበረውን አማካይ የወር ደመወዝ ነው። በሃያዎቹ ዓመታት ምን ያህል እንደደከሙ፣ ምን ያህል የሰኔ ሌሊት በሒሳብ መዝጊያ እንዳነጉ ቀመሩ አይመለከተውም። የሚመለከተው ሠላሳ ስድስት ወር ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጅዎ እንዳሉት እስከ መጨረሻው ግማሽ ቀን ከሠሩ አማካዩ 12,000 ብር፣ አበልዎም 6,150 ብር ይሆናል። ሙሉ ቀን ከሠሩ ግን ደመወዝዎ ምንም ባይጨምር እንኳ 12,300 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 73,800 ብር ሲሆን፣ ለአራት ዓመት የሚቆይ ሳይሆን በሕይወት እስካሉ ድረስ የሚከተልዎ ነው። እርስዎ ቢቀድሙ ለባለቤትዎ የሚተርፈው የተተኪ አበልም የእርስዎ አበል 50 በመቶ በመሆኑ እሱም አብሮ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ስሠራ፣ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ 57 ዓመት ሲሆነው አለቃው በደግነት የሰጠውን የግማሽ ቀን ሥራ እያመሰገነ ተቀበለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በእርሳስ ያሰላውን ቁጥር ይዞልኝ መጣ፤ ያሰላው በቀድሞው ሙሉ ደመወዝ ነበር። ትክክለኛውን ስነግረው ምንም አላለም፤ ካርቶኑን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ያጠፋ ሰው አልነበረም፤ ቀመሩን የነገረው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ብሆን ውሉን ሲፈርም እዚያው ነበርኩ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ዕረፍቱን ከፊት እንዲያደርጉት ነው። ከሐምሌ 2018 እስከ ሰኔ 2019 ዓ.ም. ድረስ ለአንድ ዓመት ግማሽ ጊዜ ሠርተው፣ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ያሉትን ሦስት ዓመታት ሙሉ ቀን ቢሠሩ፣ የመጨረሻው የሦስት ዓመት አማካይ ሳይነካ 12,300 ብርዎ እንዳለ ይጠብቅዎታል። ሁለት ዓመት አርፈው ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሠሩ እንኳ አማካዩ 20,000፣ አበሉም 10,250 ብር ነው። ብዙ ሰው ሐሳቡ ተቃራኒው ነው፤ «አሁን ጉልበት አለኝ ልሥራ፣ ወደ መጨረሻው ቀስ እላለሁ» ይላል። የጡረታ ቀመሩ ግን ወደ መጨረሻው ቀስ የሚለውን ሰው ነው የሚቀጣው። በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ደስ የሚለው፣ ገንዘቡ የሚፈልገው ቅደም ተከተልና እናትዎ የሚፈልጉት አንድ መሆናቸው ነው። የ86 ዓመት እናት «ሁለት ዓመት ይጠብቁኝ» የሚባሉ አይደሉምና።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወደ ሙሉ ቀን የመመለስ መብትዎ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ብቻ ነው። የሥራ አስኪያጅዎን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ድርጅት ይሸጣል፣ በእርስዎ ከሰዓት የተቀጠረች ወጣት ደግሞ በዓመቱ ቦታውን ትለምደዋለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ሊሻሻል እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ የሚፈርሙት ሰነድ «ከሐምሌ 1 ቀን 2018 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም.» የሚል መነሻና መድረሻ ያለው፣ ከዚያም በኋላ ቀድሞ በነበረው ደመወዝና የሥራ ሰዓት ያለ ተጨማሪ ሥነ ሥርዓት እንደሚመለሱ የሚገልጽ ይሁን። «ጡረታ እስክትወጣ ድረስ» የሚል ሐረግ ካለበት አይፈርሙ። ከላይ ያለውን ስሌት የሠራሁት የግማሽ ቀኑ ዓመት በአገልግሎት ዘመን ሙሉ ዓመት ሆኖ እንደሚያዝ ወስጄ በመሆኑ፣ ይህንኑ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ አቅርበው መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ስለ ሰዓቱ አከፋፈልም አንድ ቃል። ሥራ አስኪያጅዎ ግማሽ ቀን ሲሉ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ማለታቸው ይመስለኛል። ይህ ግን ለአስታማሚ ከሁሉ የከፋው አከፋፈል ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ማልደው ይነሳሉ፣ አምስት ቀን ታክሲ ይሰለፋሉ፣ እናትዎ ለመታጠብና ለቁርስ በሚፈልጉዎት ሰዓት አምስቱንም ቀን አይኖሩም። ይልቁንስ በአንዱ ሳምንት ሁለት፣ በሌላው ሦስት ሙሉ ቀን እየገቡ ቀሪውን ቀን ጨርሰው እቤት ቢውሉ፣ የሐኪም ቀጠሮም ለዚያ ቀን ማስያዝ ይቻላል፤ ለምትጠብቃቸው ልጅ የሚከፍሉትንም በዚያው መጠን መነጋገር ይችላሉ። ሌላው፣ የሒሳብ ሥራ በወሩ ውስጥ እኩል የተዘረጋ አይደለም። የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ መዋጮና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ በሚደርስበት ሳምንት የግማሽ ጊዜ ሠራተኛ የሚባል የለም፤ ሥራው ሙሉ ሆኖ ደመወዙ ብቻ ግማሽ ይሆናል። የትኞቹ ሥራዎች ወደ ሌላ ሰው እንደሚተላለፉ በስም ተዘርዝረው ይጻፉ።

ሥራ አስኪያጅዎ የአንድ ዓመቱን ውል በጽሑፍ አልሰጥም ቢሉ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሙሉ ቀኑን ይዤ እቀጥላለሁ። ምክንያቱም ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ በር ይከፈትልዎታል፦ 25 ዓመት ያገለገለና 55 ዓመት ያለፈው ሠራተኛ በራሱ ጥያቄ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ይችላል፤ እርስዎም በ58 ዓመትዎ 25 ዓመት ይሞላሉ። ያን ጊዜ ድርሻዎ 48.75 በመቶ፣ ደመወዝዎ ባለበት ቢቆይ 11,700 ብር ይሆናል። 60 ዓመት ጠብቀው ከሚያገኙት የሚያንሰው በ600 ብር ብቻ ነው። ከአሁን ጀምሮ ሁለቱን ዓመት ግማሽ ቀን ሠርተው በዚያው በር ቢወጡ ግን አማካዩ ወደ 16,000 ስለሚወርድ አበሉ 7,800 ብር ነው። ቀድሞ ከወጡ በኋላ ሌላ ቦታ መቀጠር ካሰቡ፣ በአበሉ አከፋፈል ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አስቀድመው ይጠይቁ።

ምንም ከመፈረምዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛው፣ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከደመወዝዎ 8,910 ብር ብቻ እያወጡ ይኑሩ፤ ቀሪውን 7,060 ብር ወደ ሌላ የባንክ ደብተር ያስገቡት። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተቆራጭ ደመወዝ ግማሽ ሆነ ብሎ ግማሽ አይሆንም፤ የጤፉንም ዋጋ እርስዎ ያውቁታል። በወሩ ሃያኛው ቀን ላይ ወደዚያ ደብተር እጅዎን ከሰደዱ፣ አንድ ዓመቱን ወደ ስድስት ወር ያሳጥሩት። ሁለተኛው፣ በ1988 ዓ.ም. ወደገቡበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሄደው የግል ማኅደርዎን ያስወጡ። ከስምንቱ ዓመት ማስረጃ ሌላ የሚፈልጉት መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡትን የትውልድ ዘመን ነው፤ የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። መሥሪያ ቤቶች ስማቸውም ሕንፃቸውም ስለሚቀያየር፣ ማኅደሩ አንድ ጊዜ በመሄድ ላይገኝ ይችላል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ እርስዎም አለቃዎም በሒሳብ መዝጊያ ተይዛችሁ ቀና የምትሉበት ጊዜ ስለማይኖራችሁ፣ የውል ማሻሻያውን ረቂቅ ግንቦት ሳያልቅ ጠረጴዛቸው ላይ ያድርሱት።