«መስቀልሽ ነውና ቻይው» የተባለች እኅት ፍርድ ብትጠይቅ ተበቀለች ይባላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር አንድ ተውኔት አይቼ ነበር። ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት የኖረች ሴት ለሽማግሌም ለጎረቤትም ተናግራ ሰሚ ስታጣ፣ አንድ ሌሊት ሰክሮ በተኛበት በዘነዘና ራሱን መትታ ትገድለዋለች። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ታላቅ እኅቴንም በተክሊል ያገባት ባሏ ይመታታልና። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ለነፍስ አባቷ ብትነግራቸው «መስቀልሽ ነውና ቻይው፣ በቀል የእግዚአብሔር ነው» አሏት። ፖሊስ ጋ እንሂድ ስላት «ነፍሴን አላስኮንንም» ትለኛለች። ማጨብጨቤ ኃጢአት ነው? እኅቴስ ብትከስሰው ወይም ከቤት ብትወጣ ቃል ኪዳኗን አፈረሰች ይባላል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከትንሿ ጥያቄ ልጀምር። ተውኔት አይቶ ማጨብጨብ ሰው መግደል አይደለም። ይሁን እንጂ የሟቹ ክፋት የቱንም ያህል ቢሆን የሰው ደም ሲፈስ የክርስቲያን ልብ እልል ሊል አይገባውምና እንቅልፍ ማጣትሽን በመልካም አየዋለሁ። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸውና እለፊው። እኔን ያስጨነቀኝ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይልቅ ለእኅትሽ የተሰጣት መልስ ነው።

እኅትሽ ለነፍስ አባቷ የነገረቻቸው «እየተመታሁ ነው» ብላ ነው፤ «ልበቀለው» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የተመለሰላት ግን ስለ በቀል የተጻፈው ጥቅስ ነው። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን መደበላለቅ ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት ቈጥሬ አልዘልቀውም። ዘነዘና ያነሣችው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን የሰጠችው፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት የገባችው፣ ሦስቱም በእኛ ዘንድ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ፤ ሦስቱም «አልቻለችም» ይባላሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ «ራሳችሁ አትበቀሉ» ያለው በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቻችን እዚያ ላይ መጽሐፉን እናጥፋለን። ሐዋርያው ግን ሲጽፍ ምዕራፍ አልቈጠረም፤ የምዕራፍና የቁጥር ክፍፍል በኋላ ዘመን ለአንባቢ ምቾት የገባ ነው። ገጹን ሳታዞሪ ወደ ታች ብትወርጂ፣ በምዕራፍ 13 ቁጥር 4 ላይ ስለ ባለሥልጣኑ «በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅም» ይልና ክፉ አድራጊውን የሚበቀል የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ «በቀል የእኔ ነው» ያለው ጌታ ያንን ፍርድ በምድር ላይ በከፊል በማን እጅ እንዳስቀመጠው ወዲያው ነግሮናል ማለት ነው። ዳኛ ዘንድ የምትሄድ ሴት በቀሉን ከእጇ አውጥታ ለባለቤቱ አስረከበች እንጂ አልተበቀለችም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለትም ዳኛውን እስኪሰለች ድረስ «ከባላጋራዬ ፍረድልኝ» እያለች ስትመላለስ ጌታችን የጸሎት ምሳሌ አድርጎ አቀረባት እንጂ «ዝም ብትል ይሻላት ነበር» አላለም።

ስለ መስቀሉም ልናገር። መስቀል ሰው ስለ ክርስቶስ ብሎ ፈቅዶ የሚያነሣው ነው፤ ሰካራም ባል ማታ ማታ የሚያሸክመው ዱላ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም። ጌታችን መስቀሉን የተሸከመው ጊዜው ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊትስ? ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ማኅሌተ ጽጌ ስንቆም የምናስበው ምንን ነው? መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም የነገረው «ሄሮድስ መስቀላችሁ ነውና ቻሉት» አይደለም፤ «ተነሣ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» ነው። እመቤታችን ልጇን አዝላ በሌሊት ከቤት ወጣች፤ እኛም አርባ ቀን ሙሉ ይህን ስደት በአበባ እየመሰልን እናመሰግናታለን። ልጇን ታቅፋ በሌሊት ከምት ሸሽታ የወጣችን ሴት ግን በማግሥቱ ሽማግሌ ልከን እንመልሳታለን። «ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» የሚለውንም ጠቅሰው የሚያስፈራሯት አሉ፤ እነርሱ ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ መጠየቁን (ዮሐ. 18፥23) ያስተዋሉት አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ስል ከሳሽ ብቻ ሆኜ አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ባገለግልበት ደብር ለአንድ ባልና ሚስት ከተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ባልየው ተነሥቶ የሁላችንንም ጉልበት ሳመ፤ ዳቦ ተቈረሰ፤ ሁላችንም «ጥፋቱ የጋራ ነው» ብለን ደመደምን። ሴትዮዋ ነጠላዋን በግራ ጉንጯ ላይ እንደ ያዘች የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲመታኝ ምን ላድርግ?» ታናሽ ስለ ነበርሁና መጽሐፍ ያውቃል ስለ ተባልሁ መልሱ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም «ጸልዪ» አልኋት። ከወር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋት። ክንዷ በጀሶ ታስሯል፤ ጧፉንና ነጠላዋን የያዘችላት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጇ ናት። ሰላም ስላት አንገቷን ዝቅ አድርጋ «ጸልዬ ነበር፣ መምህር» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቲቱ በምን ቤት እንደምታድር ሳላረጋግጥ «እርቅ» የሚባል ማዕድ ላይ አልቀመጥም።

አሁን ወደ ተውኔትሽ ልመለስ። ያ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እጇን በራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ሄደች፤ ማለትም አልደበቀችም፣ ገመናዬ ነው ብላ አልሸፈነችም። ወንድሟ አቤሴሎም ምን አላት? «እኅቴ ሆይ፣ ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው።» ይህ ቃል ዛሬም በየቤቱ ይነገራል፤ «ወንድምሽ» የሚለው «ባልሽ» በሚለው ተለውጦ ማለቴ ነው። አባቷ ዳዊት ንጉሥም ዳኛም ነበር። ሰምቶ እጅግ ተቈጣ ይላል መጽሐፉ፤ ነገር ግን ከቁጣው በኋላ ፍርድ አናገኝም። ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ በበግ ሸላቾች ግብዣ ላይ አምኖን በመጠጥ ልቡ ደስ ባለው ጊዜ የአቤሴሎም አገልጋዮች ገደሉት፤ ነገሩ በዚያም አልቆመ፤ ልጅ በአባቱ ላይ እስኪነሣ፣ አቤሴሎም ራሱ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ እስኪሞት ድረስ ሄደ። የአቤሴሎምን ሰይፍ አላመሰግንም። ነገር ግን ያን ሰይፍ የሳለው በዳዊት አደባባይ ያልተሰጠው ፍርድ እንደ ሆነ ሳልናገር ባልፍ መጽሐፉን ሸራርፌ ማንበቤ ነው። በተውኔቱ ያለችው ሴት ዘነዘናውን ከማንሣቷ በፊት ስንት በር አንኳኳች? አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ለሽማግሌም ለጎረቤትም ተናግራለች። በዚያች ሌሊት ደም ውስጥ የእነዚያም ዝምታ ድርሻ አለው።

ሆኖም የሚመጣብንን ምት መከላከልና የተኛን ሰው መምታት አንድ አይደሉም፤ እኅትሽም ይህን ለይታ ትወቅ። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠልፎ የወሰዳትን ሰው፣ ስታመልጥ ሲያሳድዳት ተኩሳ ገድላው ተከሰሰች፤ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ሽማግሌም በዚያ ቀዳዳ ብዙ አስታርቆበታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ፤ በአንቀጽ 564 ደግሞ በትዳር ጓደኛው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው በማንኛውም ሌላ ሰው ላይ ጉዳት እንዳደረሰ እንደሚቀጣ ደነገገ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይህን የማነሣው «የባልና የሚስት ነገር የቤት ገመና ነው» የሚለው አባባል በቄሣርም ሕግ ዘንድ እንደማይሠራ እንድታውቂው ነው።

በእግዚአብሔር ሕግማ ከመጀመሪያውም አልሠራም። ቅዱስ ጴጥሮስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ካዘዘ በኋላ ምክንያቱን ሲናገር «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ማታ የመታ፣ ጠዋት ቆሞ ኪዳን የሚያደርስ ባል ጸሎቱ ከጣሪያው እንዳልወጣ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል። ዮሐንስ አፈወርቅም የቆሮንቶስን መልእክት በተረጎመበት በ26ኛው ድርሳኑ፣ ሚስቱን ስለሚመታ ባል ሲናገር ጩኸቷ በመንደሩ ተሰምቶ ጎረቤቶች ቤት ውስጥ አውሬ የገባ ይመስል ሲሮጡ ያሳየናል፤ ነውሩንም በተመታችው ላይ ሳይሆን በመቺው ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ከ1600 ዓመት በላይ አልፏል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች 63ቱ፣ ወጥ ማሳረርን ወይም ሳይናገሩ መውጣትን ከመሳሰሉት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ብለዋል፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 ነበሩ። ሴቶቹ ይህን ከማን ተማሩት? ከእናቶቻቸው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኛ ለመምህራኑ የሚመች መልስ ነው።

ስለ ተክሊሉ ጠይቀሻል። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው እንዳይለየው ታዝዟል፤ አንድ ሥጋ የሆነውን በጡጫ መለየት የጀመረው ግን ማን ነው? ለሕይወት ሲሉ ከቤት መውጣትና ትዳር ማፍረስም ለየቅል ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ሚስት ከባልዋ እንዳትለይ ካዘዘ በኋላ «ብትለይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ከባልዋ ትታረቅ» ሲል (1ኛ ቆሮ. 7፥11) ከቤት የምትወጣበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል አውቋል። እርቁ ቢመጣ ደስታችን ነው። እርቅ የምንለው ግን ባልየው በደሉን «ተበሳጭቼ ነው» ሳይል ለካህን ሲናዘዝ፣ የሕጉን ፍርድ ሲቀበል፣ ንስሐውን ሲፈጽምና እጁ መሰብሰቡ በጊዜ ሲታይ ነው። ጉልበት ስሞ ዳቦ መቁረስ እንዳልሆነ ከእኔ ጥፋት ተማሪ።

ስለዚህ ለእኅትሽ እንዲህ በያት፦ ይቅርታው በልቧ ይቆይላት፣ ማንም አይነካባትም፤ ሥጋዋን ግን ከምት ታውጣ። ተጎድታ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ማስረጃዋን ትያዝ፤ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚያየው ክፍል ካለ እርሱን ትጠይቅ፤ አንቺም ብቻዋን አትላኪያት። የልጆቿን ልብስና የምስክር ወረቀቶቿን አንቺ ቤት ብታስቀምጥ ጥሩ ነው። ነፍስ አባቷን በትሕትና እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ፤ ምናልባት እርሳቸውም እኔ በወጣትነቴ የተሳሳትሁትን ነው የተሳሳቱት። እኅትሽ ግን የእኔንና የእርሳቸውን ንግግር እዚያ ቤት ቁጭ ብላ አትጠብቅ።