ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ናና መትከል

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። የመጨረሻ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ፤ የመውጫ ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል፤ የሥራ ፍለጋው ሐሳብም ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቶሻል። የዶርም ጓደኛሽ «አትክልት ትከዪ፣ ይቀልልሻል» ብትልሽ ጊዜ ማባከን እንዳይሆን ሰግተሻል።

በቀን ከ15 ደቂቃ ካላለፈ ማባከን አይደለም። የምታነቢው ፍሬው የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ተክል ግን በጥቂት ቀን ለውጡን ያሳይሻል፣ እጅሽም አፈር ሲነካ ስልኩን ያስቀምጣል።

ለዶርም ናናን እመርጥልሻለሁ። ጤና አዳም ደስ ቢልም ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል ለጀማሪ አልመክረውም። ከገበያ አንድ እስር ናና ግዢና ያላበቡ አራት ቀንበጦች ለይተሽ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገሽ ከአንጓ (ግንዱ ላይ ቅጠል ከሚወጣበት ጉብታ) ዝቅ ብለሽ ቁረጪ። ሥር በብዛት የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ ሁለት አንጓ ውኃ ውስጥ ይግባ። ውኃ የሚነኩትን ቅጠሎች አራግፊ፣ ይበሰብሳሉና። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል፤ ሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ አፈር አዛውሪው።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን ቁረጪና ታቹን በጋለ ሚስማር ስድስት ቦታ ብሺው። ብዙ ሰው ተክሉን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው፦ ቀዳዳ ከሌለ ውኃው ይተኛል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅዪ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ጣትሽን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ስደጂ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጪ። ዶርም ውስጥ ውኃ ስለሚጠፋ ማታ አንድ ጠርሙስ ሞልተሽ አሳድሪ፤ የልብስ እጣቢ ግን አታፍስሺበት።

የጠዋት ፀሐይ በቀን ለአራት ሰዓት ያህል ቢያገኝ ጥሩ ነው። ግንዱ ከቀጠነና ወደ መስኮቱ ካዘነበለ ብርሃን አንሶታል። ጀሪካኑን ከመስኮቱ ውስጥ በኩል አስቀምጪው፤ ከፎቅ ቢወድቅ ሰው ይጎዳል። ፕሮክተሯንም አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ተክሉ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቅጠፊ፤ ከተቀጠፈበት ዝቅ ብሎ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የቀጠፍሽውም ታጥቦ ለሻይሽ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቁረጪ።

ሲቪሽ ላይ አትጻፊው። አንድ ጀሪካን ናና ለቀጣሪ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከጓደኞችሽ ጋር የግቢ መደብ ወስዳችሁ ወጪና ገቢውን አንቺ ከመዘገብሽ ግን ያ ለአካውንታንት እውነተኛ ልምድ ነው፣ ጻፊው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ምግብ ካስጠላሽ፣ ናናው ብቻውን አይበቃም፤ የግቢሽን የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ዛሬውኑ አነጋግሪ።

ለእረፍት ስትሄጂ ከአፈሩ 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪውና ግቢ ለምትቀር ልጅ አደራ ስጪ። ሥሩ እስካልደረቀ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል።