ቀበርቾ በጠርሙስ ይመረታል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ የጭስ ዕቃ እሸጣለሁ። ቀበርቾ፣ ወይባ፣ ጥንጁት፣ እጣን። ቀበርቾ በየዓመቱ እየጠፋም እየተወደደም ነው። ልጄ ስልኩ ላይ አንብቦ «ውጭ አገር የተክሉን ሥር ሳይቆፍሩ መድኃኒቱን በጠርሙስ ያመርታሉ» አለኝ። እውነት ነው? ለእኛስ ይሆናል?

መልስ፦ አብሽሩ እትዬ፣ ልጅዎ አልዋሸም። ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ጀርም እንዳይኖረው ተደርጎ ይጸዳል። ከዚያ ስኳርና ማዕድን ባለው ምግብ ላይ ይቀመጣል። ሆርሞንም ጠብ ይደረግበታል። ከሆርሞኖቹ አንዱን ገበሬዎቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ጤፍና ስንዴ ላይ ለአረም የሚረጩት ቱ-ፎር-ዲ ነው! በሊትር አንድ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ሲሆን ግን አይገድልም፤ ቁራጩ ሥር ወይም ቅጠል መሆኑን ይተውና ፈዛዛ፣ ፍርፍር የሚል እብጠት ያወጣል። እሱ ወደ ፈሳሽ ምግብ ተዛውሮ ቀን ከሌት ሲናጥ ሴሎቹ ይባዛሉ፤ ንጥረ ነገሩንም እነሱ ያመርታሉ። ይህ የሴል እርባታ ይባላል።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሺኮኒን የሚባል ቀይ የሥር ቀለም በዚህ መንገድ በፋብሪካ አምርተው ሊፒስቲክ ሠርተውበታል። ሥሩ ቀለሙን እስኪያጠራቅም ዓመታት ይፈጃል፤ በጋን ውስጥ ግን የሳምንታት ሥራ ሆነ። ፓክሊታክሰል የሚባለው የካንሰር መድኃኒትም መጀመሪያ የተገኘው «የፓስፊክ የው» ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉ ይሞታል። አሁን በሴል እርባታም ይመረታል።

የእርስዎ ነገር ግን ይለያል። ደንበኛዎ የሚገዛው ሥሩን ነው፤ ፍም ላይ አድርጎ ሊያጨሰው። ንጥር ዱቄት በብልቃጥ ቢያመጡለት «ይሄ ደግሞ ምኑ ቀበርቾ ነው?» ብሎ ጥሎዎት ይሄዳል። ይህ ዘዴ የሚያዋጣው በግራም ተመዝኖ በውድ ለሚሸጥ ነገር ነው። ቀበርቾ የሚፈልገው ችግኝ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ተክል ነው፤ ሥሩ ሲቆፈር ደግሞ እሱም አብሮ ይሄዳል። ለሚያመጡልዎ ገበሬዎች ዘሩ ሳይበስል እንዳይቆፍሩ፣ ዘሩንም ማሳ ዳር እንዲዘሩ ቢነግሯቸው ከጠርሙሱ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በሴል እርባታ ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራ ዕቃ መጠቀም ወጪ ይቀንሳል ሲባል ሰማሁ። ዕቃው ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ጠየቅህ። ብዙ የተክል ሴሎች ያመረቱትን ወደ ውጭ አይለቁም፤ ቫኪዩል የሚባል የውስጥ ከረጢታቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ለማውጣት ሴሉን ትፈጨዋለህ፣ አለቀ። ለማብዛት ሳምንታት የለፋህበትን በአንድ ቀን ጨርሰህ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። ላሚቱን ለአንድ ብርጭቆ ወተት ማረድ በለው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሴሉን የሚይዝ፣ ሌላው ምርቱን የሚለቅም። ለመያዣ የቆየው ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ነው። ሴሎቹን ከሶዲየም አልጂኔት ጋር ቀላቅለህ በመርፌ ጠብ፣ ጠብ እያደረግክ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ስትጥለው እያንዳንዱ ጠብታ ወዲያው ይረጋና ሴሉን በውስጡ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይታወቃል። ድክመቱ ምን መሰለህ፣ የሴሉ ምግብ ውስጥ ያለው ፎስፌት ካልሲየሙን እየነጠቀ ጠብታውን ያላላዋል፤ ብዙ ዙር ሳይሄድ ይፈርስብሃል። እኔ ብሆን ፖሊዩሪቴን ስፖንጅ እመርጥ ነበር፤ የፍራሽ ስፖንጅ ዘር ነው። በትንንሹ ይቆረጣል፣ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ሴሎቹ ራሳቸው ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ፈሳሹን ስትቀይር ሴሉ ቦታው ላይ ይቀራል።

መልቀሚያው ኤክስ-ኤ-ዲ የሚባሉት የሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ነገር) ፍሬዎች ናቸው። ከሴሉ ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን፣ ውሃ የማይወደውን ንጥረ ነገር እየለቀሙ ይይዛሉ። ምርቱ ፈሳሹ ውስጥ ስለማይጠራቀም ሴሉ አይመረዝም፣ «በቃኝ» ብሎ ማምረቱንም አያቆምም። ሬዚኑን አውጥተህ በኤታኖል ስታጥበው ምርቱ ይወርዳል፤ ሬዚኑ ታጥቦ ይመለሳል። ሴሉን ለማነሳሳት ደግሞ ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ካይቶሳን ወይም ተክል ሲጎዳ ራሱ የሚያወጣው ሜቲል ጃስሞኔት ይጨመራል፤ ሴሉ ተባይ የመጣበት ይመስለውና መከላከያውን ማምረት ይጀምራል።

ጣጣ የለውም እንዳትል ብቻ። ሬዚኑ ምርቱን ብቻ አይለቅምም፣ ሆርሞኑንም ይለቅመዋል፤ ስለዚህ ሴሉ ካደገ በኋላ ነው የሚጨመረው። ብክለትም አለ። ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ የተክል ሴል ግን ቀናት ይፈልጋል፤ አንድ ባክቴሪያ ከገባ ጋኑ በሙሉ የሱ ነው። መብራት ሄዶ መናጫው ሲቆም ሴሉ አየር አጥሮት እንደሚታፈንም አትርሳ፤ የጄኔሬተሩን ወጪ ከወዲሁ ደምረው።

ደግሞም ሁሉም ተክል እሺ አይልም። ቪንብላስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚገኝበት የካታራንተስ ተክል ሥራውን ለተለያዩ የቅጠል ሴሎች ያከፋፍላል፤ ሴሎቹ ተነጣጥለው ሲረቡ ከሁለቱ ግማሾች አንዱን፣ ቪንዶሊንን፣ አያመርቱም። ስፖንጁም ሬዚኑም ይህን አይፈታውም።

ጥያቄ፦ እንዶድስ በዚህ ቢመረት? (ከወረባቦ)

መልስ፦ ምን ሲባል! ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ስለመግደሉ ምርምሩን የጀመሩት። የእንዶድ ውበቱ ፍሬውን ከአጥር ላይ መልቀም መቻሉ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በቀላሉ የማሳየው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ መምህር። የተክል ሴሉን ይተዉትና በሱቅ የዳቦ እርሾ ያሳዩ። 2 ግራም ሶዲየም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ (ቶሎ አይሟሟም፣ ያሳድሩት)፣ እርሾ ይቀላቅሉበት፣ በመርፌ 2 ፐርሰንት ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ያንጠባጥቡ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በወንፊት ያጥልሉና ለብ ያለ የስኳር ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ አረፋ ሲያወጣ ያዩታል። ከዚያ አጥልለው አዲስ የስኳር ውሃ ይቀይሩለት፤ ያው እርሾ እንደገና ይሠራል። የጥርስ ሐኪሞች ቅርጽ የሚያወጡበትን አልጂኔት ግን እንዳይገዙ፤ ካልሲየም ቀድሞ ስለተቀላቀለበት ገና ሲያማስሉት ይረጋብዎታል።