ባሏ ለጎርፍ ግዳጅ ለሚወርድባት እህት

እህቴ፣ «ባለቤቴ ለጎርፍ ግዳጅ ወደ አፋር ሊወርድ ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምን ላድርግ?» ያልሽውን ሳነብ ነሐሴ 2012 ትዝ አለኝ። የኔም ሰውዬ ወታደር ነው፤ ከዚሁ ከአዳማ እዚያው አፋር፣ አሚባራ ወርዶ ነበር።

1. «እዚያ ዘነበ ወይ?» እያልሽ አትጠይቂው። እኔ «ጠራራ ፀሐይ ነው» ሲለኝ እፎይ እል ነበር። አዋሽ የሚሞላው እኮ ደጋ በዘነበው ነው፤ የቆቃ ግድብ ሞልቶ ሲለቀቅ ደግሞ ይብሳል። አዋሽ የሚያጥለቀልቃትን ወንጂን የሚያህል ጎረቤት እያለኝ ይህን አለማወቄ!

2. ስልኩ ቢዘጋ ተነስተሽ አትሂጂ። እኔ ሁለት ቀን ድምፁን ባጣ ልጄን አዝዬ መተሐራ ሄድኩ፣ ያውም በኮሮናው እጥፍ ታሪፍ። አንድ ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ባል ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ለካ ባትሪ ጨርሶ በጓደኛው ስልክ ጎረቤቴ ጋ ደውሏል! የሁለት ጓደኞቹን ቁጥር አሁኑኑ ተቀበይ፤ እሱም ያንቺንና የጎረቤትሽን በወረቀት ጽፎ በላስቲክ ይጠቅልል።

3. ሻንጣው ውስጥ ካልሲ በብዛት፣ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው)፣ አጎበር። አጎበሩን አደራ። እኔ የሚታየኝ ጀልባ ሲገለበጥና አዞ ብቻ ነበር። ጳጉሜ ላይ ደህና ሆኖ መጣልኝ፣ ዶሮ ሠርቼ ጎረቤት ጠራሁ። ሳምንት ሳይሞላው አንቀጠቀጠው። «ብርድ ነው» አለ፤ ወታደር መቼ ታመምኩ ይላል? እኔም ዳማከሴ እየጨመቅኩ ሦስት ቀን አጠጣሁት። በአራተኛው ሌሊት መቃዠት ጀመረ፣ ስሜ ጠፋው። በባጃጅ አድርሰነው ደሙ ሲታይ ወባ፣ ያውም ፋልሲፓረም የሚሉት ክፉው። ቶሎ ብንሄድ በኮአርተም ኪኒን ያልቅ የነበረው በመርፌ ሆነ፣ ስድስት ቀን አስተኙት። የዚያች ዳማከሴ ሽታ እስከዛሬ ያስጠላኛል።

አንቺ እንደኔ አትሁኚ። ከተመለሰ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም፣ ትኩሳት ካየሽበት በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። «ቆላ ወርዶ ነበር» ብለሽ ራስሽ ተናገሪ፣ እሱ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወርዷል፣ ሻንጣውን እኔ ነኝ የማዘጋጀው። መጀመሪያ በአጎበሩ የሳቁበት ጓደኞቹ አሁን «ለኛም ላኪልን» ይላሉ።

መቼ ነው የሚወጣው? አጎበር ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ትርፍ አለኝ።