ቆሎ ለአንጀቴ ጠላት ነው?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል አጥብቆ ስላመመኝና ትኩሳት ስለነበረኝ በሲቲ ስካን ታይቼ «ዳይቨርቲኩላይተስ» (በትልቁ አንጀት ላይ የሚፈጠሩ ትናንሽ ኪሶች መቆጣት) ነው ተባልሁ፤ ታክሜም ተሽሎኛል። ጓደኞቼ ግን ከእንግዲህ ቆሎና ሰሊጥ እንዳልቀምስ ይመክሩኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ተሻለዎት። ጓደኞችዎ የሚሉት ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ሲመክሩት የኖረ ነገር ነው። በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ የደም ሥሮች በሚያልፉበት ደካማ ቦታ፣ ውስጠኛው ሽፋን ወደ ውጭ እየተገፋ ትናንሽ ኪሶች ይፈጠራሉ፤ ፍሬ እዚያ ተሰንቅሮ ቁስለት ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ይሁን እንጂ 47 ሺህ ያህል አሜሪካውያን ወንዶችን ለ18 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ለውዝና ፈንዲሻ አዘውትረው የሚበሉት በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እንዳልጨመረ፣ እንዲያውም አንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ስለዚህ ቆሎዎን፣ ጥርስዎ ከፈቀደ፣ በደንብ አላምጠው ይብሉ።

ኪሶቹ ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ሰው ላይ የሚገኙ ሲሆኑ አብዛኛው ሰው መኖራቸውን ሳያውቅ ይኖራል፤ እንደ እርስዎ የሚታመመው ሲቆጡ ብቻ ነው። ሕመሙ በብዛት በግራ የሚሆነው ኪሶቹ በአንጀቱ መጨረሻ አካባቢ ስለሚበዙ ነው (ትርፍ አንጀት በቀኝ እንደሚያም ልብ ይሏል)።

ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ ይሻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን ፋይበር ያለውን ምግብ ከብዙ ውኃ ጋር ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የጾም ገበታችን፣ ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ፣ ከቀይ ሥጋ እጅግ ይመረጣል።

ሁለት ነገር ሐኪምዎን ይጠይቁ። አንደኛው፣ በቅርብ ዓመታት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) ካልተደረገልዎት፣ ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ሕመሙ ካለፈ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ስለሚደረገው ምርመራ ነው። ሁለተኛው ለጉልበትና ለወገብ የሚዋጡት አይቡፕሮፊንና ዲክሎፌናክ ናቸው፤ ኪሶቹ እንዲደሙ ወይም እንዲበሱ ሊያደርጉ ይችላሉ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ካለ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ሕመሙ ቢመለስ «አሜባ ነው» ብለው ቤት የተረፈ ሜትሮኒዳዞል አይዋጡ፤ ትኩሳት፣ የሆድ መጠንከር፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከሰገራ ጋር ደም ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።