መንግሥት ወይን ጠጅ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ስለ ላይምቡርግ ጥያቄና መልስ

የምኖረው በሰሜን ጣልያን፣ ደቡብ ቲሮል በሚባለው የአልፕስ አገር ነው፤ እንጀራዬም ወይን ነው። እዚህ ስላለው የመንግሥት የወይን እርሻና የምርምር ማዕከል፣ ስለ ላይምቡርግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ላይምቡርግ የማን ነው? ፋብሪካ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?

የቦልዛኖ፣ ማለትም የደቡብ ቲሮል፣ ራስ ገዝ አስተዳደር ንብረት ነው። ካልዳሮ ሐይቅ አጠገብ፣ ቫዴና በምትባል መንደር በ1975 የተቋቋመ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከጎኑ ደግሞ የአስተዳደሩ ወይን መጥመቂያ አለ፤ የራሱን ወይን አልምቶ፣ ጠምቆ፣ በስሙ ይሸጣል። ማዕከሉ ፖም ላይም ይሠራል፤ ሸለቆው ታች ታቹን ፖም በፖም ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ መንግሥት ነጋዴ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አይተናል። ከግል ጠማቂ ጋር ገበያ ከመሻማት ሌላ ምን ይጠቅማል?

እዚህ አንድ የወይን ገበሬ በአማካይ ያለው መሬት አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ከአካባቢው ወይን ጠጅ ሰባ በመቶ ያህሉን የሚጠምቁት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ ገበሬው ዘለላውን አስረክቦ ሒሳቡን ይቀበላል። እስቲ ይህን ሰው አዲስ ዝርያ ሞክር በለው! ዛሬ የተከለው ወይን ደህና ምርት የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው፤ ጠባዩን በቅጡ ለማወቅ ደግሞ ደረቁንም ዝናባሙንም ዓመት ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከከሸፈበት ልጆቹን ምን ያበላል? ስለዚህ ለእሱ ብሎ የሚከስርለት ያስፈልገዋል። በእኔ አስተያየት የመንግሥት እርሻ ዋና ሥራ ይኸው ነው።

መሸጡስ ለምን? ለቤተ ሙከራ ብቻ የተጠመቀ ወይን እውነተኛ ፈራጅ የለውም። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው ግን አይምርህም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሳን ሚኬሌ ላይ፣ አገሩ ገና በኦስትሪያ ሥር ሳለ፣ የቲሮል ምክር ቤት በ1874 የግብርና ትምህርት ቤትና የሙከራ ጣቢያ አቋቁሟል። በ2007 ፒኖ ኑዋር የሚባለውን የቀይ ወይን ዝርያ ዘረመል አንብበው ካወጡት አንዱ ይኸው ተቋም ነው።

ጥያቄ፦ የወይን ምርምር ሲባል በተግባር ምንድን ነው የሚሠራው? መቅመስ ነው?

መቅመሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አሰልቺ ነው። አንድ ረድፍ ወይን ውሰድ። በግማሹ በዘለላዎቹ ዙሪያ ያለው ቅጠል ይነቀላል፤ ግማሹ እንዳለ ይተዋል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ከሁለቱም ወገን እየተለቀመ ይጨመቃል፣ ስኳሩና አሲዱ ይለካል። ሲደርስ በአንድ ቀን ተለቅሞ ለየብቻ ይመዘናል፣ ለየብቻም በትንንሽ ጋን ይብላላል፤ እርሾው ያው፣ ሙቀቱ ያው። ከቅጠሉ በቀር ሌላው ሁሉ አንድ ካልሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ቀማሾች ፊት የሚቀርበው ብርጭቆ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ይህን ሁሉ ለዓመታት ደግመህ ውጤቱ «ለውጥ የለውም» ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ገበሬውን ከከንቱ ልፋት ያድነዋል።

ጥያቄ፦ ጓዳቸው አለት ውስጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ፖርፊሪ የሚባለውን ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈልፍለው ነው የሠሩት። ላሊበላን ያየ ሰው ብዙም አይገረምም። ይልቅ እኔን ደስ የሚለኝ የወይኖቹ ስም ነው፤ ባርባጎል፣ ኤልዮንድ የመሳሰሉትን የወሰዱት በዶሎሚቲ ተራሮች ከሚኖረው የላዲን ሕዝብ ተረት ነው።

ጥያቄ፦ የአየር ንብረቱ መሞቅ ይሰማችኋል?

በደንብ። ሲሞቅ ፍሬው ስኳሩን ቶሎ ይሞላል፣ አሲዱ ይወርዳል፤ ነጩ ወይን አልኮሉ በዝቶ ለዛው ይጠፋል። ስለዚህ ነጩን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው እያወጡት ነው።

ከዚያ የባሰችው ከእስያ የገባች ትንሽ ዝንብ ናት፤ ድሮሶፊላ ሱዙኪ ይሏታል። የተለመደችው የፍራፍሬ ዝንብ የምትወደው የተበላሸ ፍሬ ነው፤ ይቺ ግን ደህናውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጣጩ ስስ የሆነውን፣ ስኪያቫ የሚባለውን የአካባቢውን ቀይ የወይን ዝርያ በተለይ ትወዳለች። አስቀድሜ ያነሳሁት ቅጠል መንቀል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ነፋስና ፀሐይ የሚያገኘው ዘለላ አይመቻትም።

ፈንገስን የሚቋቋሙ አዳዲስ ዝርያዎችም አሉ፤ ጀርመን አገር ፍራይቡርግ የተዳቀሉት ሶላሪስና ብሮነር ለምሳሌ። መድኃኒት መርጨቱን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ሶላሪስን እወደዋለሁ፤ ብሮነር ላይ ግን ገና ልቤ አልረጋም።

ጥያቄ፦ ለዶሮ ወጥ የቱን ልግዛ?

ላግራይንን ተወው። ጠቆር ያለ፣ አፍ የሚያደርቅ ቀይ ስለሆነ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ምላስህን ያነደዋል፤ ለጥብስ አስቀምጠው። ለዶሮ ወጥ ቀለል ያለውን ስኪያቫ ትንሽ አቀዝቅዘህ ጠጣ። ሽታው የሚያውድ ነጭ ከወደድክ ጌቩርትስትራሚነርም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዝዋይም ወይን አለ፤ ከፍታውም ከእናንተ ይበልጣል። ከላይምቡርግ የሚቀዳ ነገር አለ?

በከፍታ ብቻ አታወዳድር። ቦልዛኖ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 46 ዲግሪ ላይ ነው፣ ዝዋይ 8 ዲግሪ ገደማ። ዝዋይ ወይን የሚለቀምበት 1,600 ሜትር እዚህ ጥድና የከብት ግጦሽ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን ብርዱ ነው። የእኛ ወይን ቅጠሉን አራግፎ የበረዶውን ወራት ይተኛል። ዝዋይ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ተክሉን የሚያነቃው መቀሱ ነው፤ ሲገረዝ ያቆጠቁጣል። አበባውና መኸሩ ከዝናብ ጋር እንዳይገጥሙ ቀኑን የሚመርጠው ገበሬው ነው። ስለዚህ የእኛን የሥራ ካላንደር መቅዳት ዋጋ የለውም። ረድፉን ለሁለት ከፍሎ፣ ለየብቻ ጠምቆ፣ ስሙን ደብቆ መቅመስን ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ለቀማ ሥራ ይገኛል?

ወቅቱ በዋናነት መስከረም ነው፤ እንደ ዓመቱ ይቀድማል፣ ይዘገያል። የሥራ ፈቃድ ግድ ነው። ከጣልያንኛ ጋር ጥቂት ጀርመንኛ ብትይዝ ይጠቅምሃል፤ እርሻው ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እሱ ነው።